ስለ ገርዓልታ የአሸዋ ድንጋይ ተራሮች፤ በአንድ ቀን ጕዞ የሚገኝ ትምህርት

በትግራይ፥ ከውቅሮ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ እስከ ሐውዜን ሜዳ ድረስ፥ ገርዓልታ የሚባል የተራራ ሰንሰለት ይገኛል። ተራሮቹ እንደ ግንብ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ የአንዳንዱ ራስ እንደ ገበታ የተዘረጋ፥ የአንዳንዱም እንደ ዐምድ የሾለ ነው። መልካቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ ገደል ላይ ብቻ ቀይ፥ ቢጫ፥ ነጭና ሐምራዊ ተደራርቦ እንደ ጥለት ይታያል፤ ከላይ ወደ ታች ደግሞ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር መሥመር ይወርድበታል። ወደዚህ አገር የሚመጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በተራሮቹ ውስጥ ተፈልፍለው የተሠሩትን አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለምና ለማየት ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን የተፈለፈለው ድንጋይ ራሱ ምን እንደ ሆነ፥ ቀለሙን ከየት እንዳገኘ፥ ከግርጌውም የሚወጣው ምንጭ በበጋ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ ጥያቄ ለመንደር ትምህርት ቤት እጅግ ይጠቅማል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ መጻሕፍታቸውና መሣሪያቸው የጠፋባቸውም ጥቂቶች አይደሉም። በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል የመመርመሪያ መሣሪያ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ተራራው ግን የተዘረጋ ብራና ነው፤ እርሱን ለማንበብ አንድ ጠርሙስ፥ አንድ ሲኒ፥ ጥቂት ውኃ፥ አንድ የብረት ምስማርና የአንድ ቀን ጕዞ ይበቃል።

ከጕዞው ሁለት ቀን አስቀድሞ መምህሩ በክፍል ውስጥ ይህን ያሳይ። አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ ይወሰድ፤ ከወንዝ ዳር የመጣ ጠጠር፥ አሸዋና ጭቃ ተደባልቆ እስከ ሲሶው ይጨመርበት፤ ውኃ ተሞልቶ አፉ ከተከደነ በኋላ በኀይል ይናጥና ይቀመጥ። ጠጠሩ ወዲያው ይዘቅጣል፤ አሸዋው ይከተለዋል፤ ጭቃው ግን ውኃውን አደፍርሶ ብዙ ሰዓት ይቆያል። በነጋው ሲታይ ሦስቱ ተለያይተው፥ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው ይገኛሉ። ይህን ያየ ተማሪ ከገደሉ ፊት በቆመ ጊዜ የሚያየው ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ለጕዞው የሚመረጠው ወራት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ነው፤ ዝናሙ አባርቷል፥ አየሩም ከአቧራ ጠርቷል። ከውቅሮ በማለዳ መነሣት ይገባል። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ብርሃኗ በገደሉ ላይ በአግድም ስለሚያርፍ የንብርብሩ ስፌት ሁሉ ጥላ አውጥቶ ይታያል፤ በእኩለ ቀን ግን ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዐይነት የደበዘዘ መልክ ይይዛልና ዐይን አይለየውም። መንገዱ በአብርሃ ወአጽብሓ በኩል አልፎ ወደ መጋብ መንደር ይደርሳል። በአብርሃ ወአጽብሓ መቆሙ ግን ለመልስ ቢተው ይሻላል፤ ምክንያቱም በዚያ የሚታየው ነገር ድንጋዩን አስቀድሞ ላወቀ ሰው ብቻ ግልጥ ይሆናል።

ከመጋብ ወደ ቆርቆር ተራራ ግርጌ በተደረሰ ጊዜ፥ ወደ ላይ ከመውጣት በፊት ከገደሉ ተሰብሮ የወደቀ ድንጋይ ይፈለግ። ተማሪው አዲስ የተሰበረውን ፊት በአውራ ጣቱ ይሸው። ደቃቅ አሸዋ በጣቱ ላይ ይቀራል። እንግዲህ ተራራው ሌላ ነገር አይደለም፤ ተጣብቆ የጸና አሸዋ ነው፤ ስሙም ስለዚህ የአሸዋ ድንጋይ ተባለ። እያንዳንዱ ቅንጣት አስቀድሞ የሌላ ተራራ ክፍል ነበረ። ያ የጥንት ተራራ በፀሐይና በዝናም ተሰነጣጥቆ ፈረሰ፤ ወንዝ ፍርስራሹን እየገፋ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ አወረደው፤ በመንገድም ለስላሳው እየደቀቀ ጭቃ ሲሆን፥ ጽኑ የሆነው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን አሸዋ ሆኖ ቀረ። በወንዝ ዳርና በባሕር ጠረፍ አሸዋው በአሸዋ ላይ ተከመረ፤ የታችኛው በላይኛው ክብደት ተጫነ፤ በመካከሉ የሚያልፈውም ውኃ ያሟሟውን ማዕድን በቅንጣቶቹ መካከል እየተወ እንደ ኖራ ምርጊት አያያዛቸው።

በዚህ አገር ይህን ድንጋይ በሥነ ምድር ትምህርት ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። እርሱም በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ አብሮ መጥቶ፥ ጦሩ ባለፈበት መንገድ ሁሉ ድንጋዩን እየመረመረ ጻፈ። ቀዩን የአሸዋ ድንጋይ የዓዲግራት፥ በላዩ የሚገኘውንም የኖራ ድንጋይ የእንጣሎ ብሎ ጠራቸው፤ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ በነዚሁ ስሞች ይጠሩአቸዋል። ጦርነት ከሚያመጣው ጥፋት መካከል እንዲህ ያለ አንድ ጥቅም ተገኝቶ መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

የገርዓልታ ታላላቅ ገደሎች የዚህ የዓዲግራት ድንጋይ ናቸው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ዕድሜውን ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ያደርሱታል። ከእርሱ በታች የእንትጮ የሚባል ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ሌላ የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ ከዚያም በታች ከሁሉ የቀደመው፥ በሙቀትና በግፊት የተለወጠው ጠቆር ያለ ድንጋይ ይገኛል። በዓዲግራቱ ላይ የእንጣሎው የኖራ ድንጋይ በውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ይዞ ይገኛል፤ ይህም ባሕር በመቐለ አካባቢ ምድር ላይ ተኝቶ እንደ ነበረ ምስክር ነው። ከሁሉ በላይ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣው ጥቁር ድንጋይ አለ። ስለ ዓመቱ ቍጥር መምህሩ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ክርክር ሊገጥም አያስፈልገውም፤ ሽማግሌው የሚቈጥረው ዓመተ ዓለም ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ነው። ከታች ያለው ንብርብር ከላይ ካለው አስቀድሞ መነጠፉን ግን ሁለቱም ወገን ያለ ክርክር ይቀበሉታል፤ ለተማሪው መነሻ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ቀለሙ ከየት መጣ? ቀዩ ገደል በእሳት የተቃጠለ ይመስላል፤ አይደለም። የአሸዋው ቅንጣት ለብቻው ቢታይ ነጭ ወይም እንደ ብርሌ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። በላዩ የተለበጠው ቀጭን ልባስ የብረት ዝገት ነው። በዝናም ያደረ ማረሻ እንደሚዝግ፥ በአሸዋው መካከል የነበረው ጥቂት ብረትም አየርና ውኃ ሲያገኙት ዛገ፤ አንድ እፍኝ ዝገትም ብዙ ጭነት አሸዋ ያቀላል። ዝገቱ ውኃ ሳይቀላቀልበት ከጸና ቀይ ይሆናል፤ ውኃ በባሕርዩ ከገባበት ቢጫ ወይም የዳቦ ቅርፊት የሚመስል ይሆናል፤ ቅንጣቱ ከፍ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ነጩ ንብርብር ደግሞ ብረት ከቶ ያልነበረበት፥ ወይም ኋላ በድንጋዩ ውስጥ ያለፈ ውኃ ብረቱን አጥቦ የወሰደበት ነው። ይህን መለየት ለተማሪው ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው፤ ነጩ መልክ ንብርብሩን ተከትሎ ከሄደ አሸዋው ሲነጠፍ የሆነ ሊሆን ይችላል፤ ንብርብሩን አቋርጦ በስንጥቅ ዳር ዳር ከሄደ ግን ውኃ ኋላ ያጠበው መሆኑ ይታወቃል። በገደሉ ላይ የሚወርደው ጥቁር መሥመር ከነዚህ ወገን አይደለም። እርሱ የዝናም ውኃ ዘወትር የሚወርድበት መንገድ ነው፤ ርጥበቱን ተከትለው የሚበቅሉ እጅግ ደቃቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮችና ውኃው የሚተወው ማዕድን አጥቍረውታል። በፊቱ ላይ ብቻ ነው እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ወደ ቆርቆር መውጣት ይጀመራል፤ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መንገዱ በሁለት ገደል መካከል ባለ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል፤ እዚህ ላይ መምህሩ ሰልፉን ያቁም። ተማሪዎቹ በሁለት ወገን ያለውን ግድግዳ ቢያስተያዩ ቀዩ ከቀዩ፥ ነጩም ከነጩ ፊት ለፊት መሆኑን ያያሉ፤ እንግዲህ ሁለቱ አንድ ነበሩ፥ ተራራውም ተሰንጥቆአል። መሬቱ ከፍ እያለ በተነሣ ጊዜ ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፤ ውኃ በስንጥቁ እየገባ አሰፋው፤ የሰፋውም እየተገመሰ ወደቀ። ገርዓልታ ዐምድ ዐምድ መስሎ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ግድግዳ ላይ ሌላም ጽሕፈት አለ። አግድም በተነጠፈው ንብርብር ውስጥ ስስ መሥመሮች አዘንብለው ይታያሉ። እነዚህ ወራጅ ውኃ አሸዋውን እየገፋ በክምሩ ቍልቍለት ላይ ያፈሰሰበት ምልክት ናቸው፤ መሥመሩ ወዳዘነበለበት ወገን ውኃው ይፈስ ነበር። ሰው ከመፈጠሩ አስቀድሞ የነበረ ወንዝ ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ በጣቱ ሊያሳይ ይችላል።

በተራራው ራስ ማርያም ቆርቆር፥ ከእርሷም ጥቂት አለፍ ብሎ በገደሉ ጫፍ ላይ ትንሹ ዳንኤል ቆርቆር ይገኛሉ። ከዚያ ሆኖ የሐውዜን ሜዳ ሁሉ ይታያል። ከተጓዦቹ ጋር ሽማግሌ ካለ ስለዚህ ሜዳ የሚናገረው አያጣምና መምህሩ ቦታውን ይልቀቅለት፤ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ፥ በሐውዜን ገበያ ቆሞ ሳለ፥ ከአየር በወረደ ቦምብ ብዙ ሕዝብ ማለቁ በዚህ አገር ገና ያልተረሳ ነው።

አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ በትግራይ ያሉትን ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ቈጥረው 123 መሆናቸውን ገለጡ፤ ከዚያ በፊት ከነዚህ የሚበዙት በመንደራቸው እንጂ በውጭ የታወቁ አልነበሩም። ይህን ያህል መቅደስ በአንድ አገር የተፈለፈለው በሃይማኖት ጽናት ነው፤ ድንጋዩም ረድቶአል። የአሸዋ ድንጋይ ለብረት መሣሪያ የሚበገር፥ ከተፈለፈለም በኋላ ጣራውን ተሸክሞ የሚቆም ነው፤ ንብርብሩ አግድም ስለ ሆነ ጣራው ልክ ሆኖ ይወጣል። በዮርዳኖስ አገር የጴጥራ ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት መቃብራቸውን የፈለፈሉት በእንዲህ ያለ ባለ ብዙ ቀለም የአሸዋ ድንጋይ ነው። የላሊበላው ግን ሌላ ነው፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

ለመፈልፈል የተመቸው ድንጋይ ለመጥፋትም የተመቸ መሆኑን ተማሪዎቹ በዚሁ በቤተ መቅደሱ በር ሊማሩት ይገባል። የዝናም ውኃ በስንጥቁ ሰርጎ ወደ ውስጥ ሲደርስ በውስጡ የሟሟ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውኃው ሲተን ጨው በግድግዳው ፊት ላይ ይቀርና እያበጠ ድንጋዩን ያረግፈዋል፤ በላዩ የተቀባው ምርጊትም ከነሥዕሉ ይነሣል። ሰው ደግሞ ይጨምርበታል። በሥዕሉ ላይ ጀርባን ማስደገፍ፥ በእጅ መዳሰስ፥ በምስማር ስምን መጻፍ፥ እነዚህ ሁሉ በጥቁር ድንጋይ ላይ ቢሆኑ ብዙ አይጎዱም ነበር፤ በአሸዋ ድንጋይ ላይ ግን የማይጠገን ጕዳት ነው። መምህሩ ይህን በቍጣ ከመናገር ይልቅ ልጆቹ ከግርጌው በጣታቸው ያረገፉትን አሸዋ ያስታውሳቸው።

ከመጋብ አጠገብ ወዳለው ወደ አቡነ ይምዓታ ጕሕ ተማሪ ሊወጣ አይገባም። የጕሕ መንገድ ጫማ አውልቆ፥ በዐለቱ ላይ በተበሳው የእጅና የእግር መያዣ ቀጥ ያለውን ገደል መውጣት ነው፤ ከመቅደሱም በር አጠገብ የሚያስኬደው ጠባብ ጠርዝ ከሥሩ ባዶ ገደል ነው። ካህናቱና ምእመናኑ ከልጅነት የለመዱት ስለ ሆነ ይወጡታል። ለተማሪዎች ከሩቅ ማየቱ ይበቃል።

ከቀትር በኋላ፥ በመልስ ጕዞ፥ አብርሃ ወአጽብሓ ይደረሳል። ቤተ ክርስቲያኑ በሁለቱ ወንድማማች ነገሥታት ስም የተጠራ ነው፤ በአፈ ታሪክ የእነርሱ ሥራ ነው ሲባል፥ የታሪክ መርማሪዎች ግን ከእነርሱ ዘመን በብዙ መቶ ዓመት ያሳንሱታል። ተሳልመው ከወጡ በኋላ ተማሪዎቹ ወደ እርሻው ይመለከቱ። በዚያ አንድ ሲኒ ደረቅ አሸዋ ተሞልቶ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይንቆርቆርበት። ሲኒው አስቀድሞ በአሸዋ የሞላ ሳለ የሲኒውን ሲሶ ያህል ውኃ ሲጨምር ይቀበላል፤ ውኃው የሚገባው በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ቀዳዳ ነው። በአሸዋ ድንጋይ ይህ ቀዳዳ በማጣበቂያው ምክንያት ቢቀንስም ጨርሶ አይዘጋም፤ ስንጥቁም ይጨመርበታል። እንግዲህ ገርዓልታ እንደ ሰፍነግ ያለ ተራራ ነው። በክረምት የጠጣውን ወደ ታች ያወርደዋል፤ ውኃ የማያሳልፍ የጭቃ ንብርብር ወይም የጥንቱን ጽኑ ድንጋይ ባገኘበት ስፍራ ውኃው ወደ ጎን ዞሮ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ገደሉ ደረቅና ቀይ ሆኖ ሳለ ከግርጌው ዛፍ ለምልሞ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ተራራው የሚጠጣው ውኃው ከቆመለት ነው። ተዳፋቱ ዛፍና ሣር ካጣ ዝናሙ ሳይሰርግ ይሮጣል፤ በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፥ በመጋቢትም ጕድጓዱ ባዶ ይሆናል። የአብርሃ ወአጽብሓ መንደር ይህን በሙሉ አይቶአል። በድርቁና በመሬቱ መራቆት ብዛት ነዋሪውን ወደ ሌላ ስፍራ ለማስፈር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ሕዝቡ ግን ቀየውን መልቀቅ አልወደደም። በተራራው ወገብ የድንጋይ እርከን ሠራ፤ በየቦዩ ክትር አበጀ፤ ውኃ የሚያቍርና ወደ ምድር የሚያሰርግ ኩሬ ቆፈረ፤ ተዳፋቱን ከከብት ከልሎ ቍጥቋጦው እንዲያገግም ተወ፤ በእርሻው መካከልም በትግርኛ ሞሞና የሚባለውን፥ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለእህሉ ብርሃን የሚተወውን ዛፍ ጠበቀ። የምድር ውስጥ ውኃ ከፍ አለ፤ በእጅ በተቆፈረ ጕድጓድም ፍራፍሬና አትክልት በበጋ ይጠጣ ጀመር። ለዚህ ሥራ መንደሩ በ2004 ዓ.ም. ኢኳተር የሚባለውን የተባበሩት መንግሥታትን ሽልማት ተቀበለ። ያ ሕዝብ የረታው ምድሪቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነች አውቆ ነው፤ ይኸው እርከን ውኃ በማያሳልፍ ድንጋይ ላይ ቢሠራ አፈርን ይይዝ ነበር እንጂ ጕድጓድን እንዲህ አይሞላም ነበር።

እዚህ ላይ የመጽሐፍ ትምህርት ከሽማግሌ ዕውቀት ጋር መገናኘት አለበት። ተማሪው ከመንደሩ አረጋውያን አንዱን ቀርቦ፥ «አቦይ፥ እርስዎ ልጅ ሳሉ ይህ ጕድጓድ በየትኛው ወር ይነጥፍ ነበር? ዛሬስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከእናቶችም አንዷን፥ «አደይ፥ ውኃ ለመቅዳት እስከ የት ይወርዱ ነበር?» ይበላት። የተነገረውን ዓመትና ወር ጠቅሶ ይጻፈው። ይህ ከየትም መጽሐፍ የማይገኝ ነው፤ ነጋሪው ካለፈ በኋላም አይገኝም። የመንደሩ ሽማግሌዎችም ልጆች እንዲህ ብለው ሲመጡባቸው እንደ መዳፈር ሳይቈጥሩ ጊዜ ቢሰጡአቸው መልካም ነው።

ገርዓልታ የራቀበት መምህር በአጠገቡ ያለውን ይመልከት። ይኸው የዓዲግራት ድንጋይ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያሻግረው የዓባይ በረሃ ውስጥ፥ ከኖራው ድንጋይ በታች፥ ቀይ ገደል ሆኖ ይታያል። የኖራውን ድንጋይ ከአሸዋው ለመለየት ሁለቱን በምስማር ፍቆ በዱቄቱ ላይ የሎሚ ውኃ ማንጠባጠብ ነው፤ ኖራው ይንጫጫል፥ ኳርትዙ ዝም ይላል።

ከጕዞው የሚመጣ ድንጋይ ከወደቀው ብቻ ይነሣ፤ ከገደሉ አይሰበር፥ ከቤተ ክርስቲያንም ቅጥር አይወሰድ። በእያንዳንዱ ላይ የተገኘበት ስፍራና ቀን በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍና በክፍሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። በዚያው ሳምንት በአንድ ብርጭቆ ነጭ አሸዋ ውስጥ የብረት ምስማር ተቀብሮ፥ አሸዋው በየቀኑ ጥቂት ውኃ እየተርከፈከፈበት እስከ ወር ይቆይ። ምስማሩ ሲወጣ በዙሪያው ያለው አሸዋ ተጣብቆ፥ ወደ ምስማሩ ሲቀርብ ቀይ፥ ሲርቅም ቢጫ ሆኖ ይገኛል። ይህም ከቆርቆር ከመጣው ድንጋይ አጠገብ ይቀመጥ።